ሎጎ የማይለጠፍባት በቅሎ

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሚሽን ሳምንት መድረሱ የሚታወቀው በባንዲራው ነው። በሌላ ጊዜ የፕላስቲክ አበባና ስፒከር ብቻ የሚታይበት መድረክ ከግራ እስከ ቀኝ የዓለም ባንዲራ ይሰቀልበትና የኳየሩ ልጆች በጃፓንና በብራዚል መካከል አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ ይዘምራሉ። ባንዲራዎቹን የሚያሰፋው የወጣቶች ክፍል ነው፤ መርካቶ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ፣ ከስልክ ላይ ፎቶ እያሳየ። ሰፊው አይፈረድበትም። ኢንዶኔዥያንና ፖላንድን የሚለያቸው ቀዩ ከላይ ይሁን ከታች የሚለው ብቻ ነው፤ መሰላል ላይ የወጣው ልጅ ደግሞ እሱን የሚያጣራበት ፋታ የለውም። ቻድና ሮማኒያማ የባሰባቸው ናቸው። ሁለቱም ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ሁለቱም ሽቅብ የተሰመሩ፤ ልዩነታቸው የቻድ ሰማያዊ ጥቂት ጠቆር ማለቱ ነው።

ዘንድሮ የጸሎት መሪው ወደ አንዱ ባንዲራ እጁን ዘርግቶ “ቻድ! ዛሬ ደጆችሽ ይከፈቱ!” እያለ ሲጮኽ፣ ጉባኤውም በአሜን ጣሪያውን ሲያነቃንቀው፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ጠጋ ብለው “ይቺ እኮ ሮማኒያ ናት፤ በደርግ ጊዜ ተምሬባታለሁ” አሉኝ። ሄጄ ልንገራቸው ወይ ብላቸው፣ “ተወው ልጄ፤ እሷንም አይጎዳት” ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጠሉ።

ለአሕዛብ መጸለይ ያስቃል እያልኩ አይደለም፤ አሜን ካሉት አንዱ እኔው ነኝ። አይቶት የማያውቀው ሕዝብ አሳስቦት ከምሳ ሰዓቱ ቀንሶ የሚጸልይ ሰው ከማይጸልየው ይሻላል። እኔን የሚገርመኝ ርቀቱ ነው። የምንጸልይለት አገር በራቀ ቁጥር ድምፃችን ይጨምራል፣ እንባችንም ይቀርባል፤ አገሩ እየቀረበ ሲመጣ ደግሞ ጉሮሯችን ይደርቃል። የሰሜን ኮሪያን መሪ በስሙ ጠርቶ በጸሎት የሚገሥጽ ወንድም፣ ጧት ከግቢ ሲወጣ በር ለሚከፍትለት ዘበኛ የመኪናውን መስታወት ዝቅ አድርጎ እንደምን አደርክ አይልም። ፒዮንግያንግ ከሱ ቤት በር ትቀርበዋለች።

ከባንዲራው ሌላ ካርታም አለ። ሰባኪው በፕሮጀክተር አንድ አራት ማዕዘን ያሳየናል፤ “10/40 መስኮት” ይባላል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10ኛው እስከ 40ኛው ዲግሪ፣ ከምዕራብና ከሰሜን አፍሪካ ተነስቶ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል እስከ ምሥራቅ እስያ የተሰመረ ሳጥን ነው። ወንጌል ካልደረሳቸው ሕዝቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው ለማለት ሉዊስ ቡሽ የተባለ የአርጀንቲና ተወላጅ ያስፋፋው ሐሳብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ማኒላ ከተደረገው፣ ሎዛን ከተሰኘው የወንጌላውያን ጉባኤ ወዲህ ከተልእኮ ሰዎች አፍ ጠፍቶ አያውቅም። እኛ አዳራሽ ሳጥኑ በቀይ ቀለም ይመጣና ሰው ሁሉ በሐዘን ምላሱን ይመጣል።

ታዲያ አዲስ አበባ የት ናት ብሎ የጠየቀ የለም። አዲስ አበባ 9ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ለአንዲት ዲግሪ አመለጠች። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ ደጀን ላይ ሻይ የሚጠጣ መንገደኛ ግን ሳይታወቀው መስኮቱ ውስጥ ገብቷል። ጎንደር ውስጥ ናት፤ ላሊበላ ውስጥ ናት፤ ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ገንዘቧ ላይ መስቀል ስትቀርጽ የነበረችው አክሱምም ቀዩ ሳጥን ውስጥ ገብታ ይለቀስላታል። ይህን ከፕሮግራሙ በኋላ ሻይ ላይ ባነሳበት፣ ሰባኪው ሳምቡሳውን ሳያስቀምጥ “እሱ ስታትስቲክስ ነው” አለኝ።

ደግሞም ካርታ ላይ ማስመር የፈረንጅ አመል ብቻ አይደለም። የእኛው መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ማብቂያ ባወጣው የሚሲዮን ደንብ አገሩን ለሁለት ከፍሎ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚበዙበትን ለውጭ ሚሲዮን ስብከት ዝግ፣ ሌላውን ክፍት አድርጎት ነበር። ዛሬ ደቡቡና ምዕራቡ በወንጌላውያን አጥቢያዎች ተሞልቶ ሰሜኑ የሳሳው መንፈስ ቅዱስ እንሰት ስለሚወድ አይደለም፤ ነገሩ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ጭምር ነው። ይህ ግን በሚሽን ሳምንት አይነገርም፤ ነጋሪት ጋዜጣ ለኪቦርድ አይመችም።

ኪቦርዱ ሥራ የሚበዛበት በመጨረሻው ምሽት ነው፤ የጥሪ ምሽት። መብራቱ ቀነስ ይላል፣ “ጌታ አገር የሰጣችሁ ወደ ፊት ውጡ” ይባላል፣ ወጣቱም እየተገፋፋ ይወጣል። ማይክ ሲሰጣቸው ጌታ የሰጣቸውን አገር ይናገራሉ። ካናዳ። ካናዳ። አውስትራሊያ። አንዲት እኅት ኖርዌይ የሚለውን ስም በሰማች ቁጥር እንባዋ እንደሚመጣ መሰከረች። ኖርዌይ መቼም ባለውለታችን ናት፤ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲዳሞ ድረስ ሰው ልካልናለች፤ ብድር መመለስ ነው ብንል ያስኬዳል። አውሮፓም ዛሬ ወንጌል አያስፈልጋትም የሚል ካለ እሁድ ጧት ቤተ ክርስቲያኖቿን ይቁጠር። ግን እስከዚያ ምሽት ማብቂያ ድረስ ጁባን የተሰጠ አልነበረም። ጂቡቲን በባቡር ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ እሷንም የፈለጋት አልተገኘም። ቻድ ሳምንቱን ሙሉ ተጮኾላት (ወይም ለሮማኒያ) አንድም ሰው ሳይወጣላት ቀረች።

ከተጠሩት መካከል ጉዳዩን የገፉበት ኤምባሲ ደርሰዋል። ኤምባሲው አንድ ጥያቄ አለችው፦ መቼ ትመለሳለህ? ይህች ጥያቄ በጥሪው ምሽት አልተነሳችም ነበር።

አሁን ወደ ወንጌላዊው ልምጣ፤ ይህን እንድጽፍ ያስገደዱኝ እሳቸው ናቸው። ከማጂ ወዲያ ካሉ ተራሮች የመጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ምስክርነት እንዲሰጡ ሲጋበዙ የሚያገለግሉትን ሕዝብ የባህል ልብስ ለብሰው እንዲመጡ ተነግሯቸው ነበር። እሳቸው ኮትና ከረቫት አድርገው መጡ፤ ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ መቼስ ምን ሊለብስ ኖሯል? የሚዲያው ልጅ ግን ፎቶው ድምቀት ያጣብናል ብሎ ተጨነቀና ከአንድ የባህል ልብስ አከራይ ሮጦ የሆነ ነገር ይዞ መጣ። የየትኛው ብሔረሰብ እንደሆነ ወንጌላዊውም አላወቁትም። ከኮታቸው በላይ ደረቡት።

ሃያ ደቂቃ ተይዞላቸው ነበር። መዝሙሩ ረዘመ፣ የቃል መግቢያ ካርድ አሞላል ማብራሪያው ረዘመ፣ ሰባት ደቂቃ ቀረችላቸው። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ስለ ሦስት መንደር፣ ስለ አንድ የሞላ ወንዝና ስለ አንዲት በወሊድ ስለ ሞተች ሴት ተናገሩ። ፕሮግራም መሪው ሰዓቱን እያየ “ወንጌላዊ፣ ለሥራው ዋና የሚያስፈልግዎት ምንድን ነው? ባጭሩ!” አላቸው።

“በቅሎ” አሉ።

ጉባኤው ሳቀ፤ በፍቅር ነው የሳቀው። እሳቸውም አብረው ፈገግ አሉ፤ ምን እንዳሳቀን ግን የገባቸው አልመሰለኝም።

ጥያቄው ወደ ተልእኮ ኮሚቴው መጣ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ከሁሉም በላይ እሰማለሁ፣ ከሁሉም በታች እናገራለሁ። ገንዘብ ያዡ በመጀመሪያ የጠየቁት በቅሎዋ ቋሚ ንብረት ትሁን አላቂ ዕቃ ነው። ቋሚ ናት ከተባለ የእርጅና ተቀናሽ ይሰላላት? ብትሞትስ ከመዝገብ የሚሰረዘው በማን ፊርማ ነው? ከሃምሳ ሺህ ብር በላይ ለሆነ ግዥ ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ወንጌላዊው ስልክ ተደውሎ ይህ ሲነገራቸው ረጅም ዝምታ ከቆዩ በኋላ፣ ገበያው ቅዳሜ እንደሚቆም፣ በቅሎ የሚሸጠው ሰውዬ ፊደል እንዳልቆጠረና ማኅተም የሚባል ነገር እንደሌለው በትሕትና አስረዱ። ሌሎቹን ሁለት ፕሮፎርማ ከማን ያመጣሉ? ሌሎቹ ሁለት በቅሎዎች የሱው ናቸው።

አንዱ የኮሚቴ አባል ሞተር ሳይክል ቢገዛስ አለ። ሐሳቡ ወዲያው ድጋፍ አገኘ፤ ደረሰኝ አለው፣ ሊብሬ አለው፣ የሚዲያው ልጅም የነዳጅ ታንከሩ ላይ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሎጎ እንደሚያምር አከለበት። ከአውራ መንገዱ በኋላ መንገድ እንደሌለ ወንጌላዊው ነግረውን እንደነበር ሰብሳቢው ሲያስታውሱ፣ ውይይቱ ተመልሶ በቅሎዋ ላይ ወደቀ። “በቅሎ ላይ ሎጎ የት ይለጠፋል?” አለ ልጁ፤ ከልቡ ነው። ኮርቻው ላይ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ኮርቻው ላይ ሰው ስለሚቀመጥበት አይታይም ተብሎ ውድቅ ሆነ።

በመጨረሻ የተወሰነው አርባ ቲሸርት፣ አንድ ሜጋፎንና አንድ ፓወር ባንክ እንዲላክላቸው ነው። ቲሸርቶቹ ጀርባቸው ላይ የኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ጥቅስ አለባቸው፤ ከሳምንቱ ፕሮግራም የተረፉ ናቸው። እስከ አውራ መንገዱ ዳር ደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ የሚጭናቸው በቅሎ ስላልተገኘ እዚያው አንድ ሱቅ ውስጥ በአደራ ተቀምጠዋል።

ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ደግሞ፣ ይህች አገር ሰው ስለ መላክ ከማንም መማር የማያስፈልጋት መሆኗ ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ ገብተው ዘጠኝ ዓመት ያህል ደከሙ። ጣሊያን በ1937 ሲያስወጣቸው ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጣሊያን በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ጠበቃቸው። በመካከሉ የተሰጠ ሥልጠና የለም፣ የተላከ በጀት የለም፤ መሪዎቹ ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ከዚያ እነዚያው ገበሬዎች ሚስትና ልጆቻቸውን እያስከተሉ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ወረዱ፤ ወባ ወዳለበት፣ ቋንቋው ወደማይሰማበት፣ የሚያስጠጋ ጎረቤት ወደማይገኝበት። ላኪዎቻቸውም እንደነሱው ገበሬዎች ነበሩ፤ ከጎተራቸው እየቀነሱ ነው የላኳቸው። ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት ጎልምሰው ነው። ዛሬ ደቡብ ውስጥ የምናየው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ብዛት የነሱ የእግር መንገድ ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያኔ ካናዳን የተሰጠ አልነበረም።

ይህን ታሪክ ኮሚቴው ውስጥ ላነሳው አስቤ ተውኩት። “ታዲያ እሳቸውም በእግራቸው ይሂዱ” መባሉ እንደማይቀር ስለማውቅ ነው።

ላኪው የሚሰጠውና ተቀባዩ የሚፈልገው አለመገጣጠም የቆየ ችግር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ እጃቸው ሙያ የሚያውቅ ወጣቶች መጥተው ነበር። ዕቃቸው ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘዋል፤ ሐሳባቸው እየሠሩ ማስተማር፣ እያስተማሩ መስበክ ነው። ንጉሡ መጽሐፉን አልጠሉም፣ ማንበብም ይወዱ ነበር። የፈለጉት ግን መድፍ ነው። “መድፍ የመሥራት ጥሪ የለንም” ማለት በቴዎድሮስ ፊት የሚሞከር ነገር ስላልሆነ፣ ወንጌል ሊዘሩ የመጡት ልጆች ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነሐስ ሲያቀልጡ ከርመው ሴባስቶፖልን ወለዱ። 70 ኩንታል ገደማ ትመዝናለች፤ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎትታ ዛሬም እዚያው ናት። ለላኪዎቻቸው የዓመቱን የሥራ ክንውን እንዴት ብለው ይጽፉት እንደነበር ሳስበው ከእኛ ኮሚቴ ጋር እዘመዳቸዋለሁ።

የዘመኑ እንግዶች ደግሞ የሚመጡት በሐምሌ ነው። ትምህርት ቤታቸው የሚዘጋው ያኔ ነዋ። የእኛም ይዘጋል፤ ዝናቡ ግን አይዘጋም። አንድ ዓመት ከአሜሪካ የመጣ፣ ሃያ የሚሆን ወጣት ያለበት ቡድን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ አንድ ባዶ ትምህርት ቤት ግድግዳ ሲቀባ አይቻለሁ። ልጆቹ ደግ ናቸው፤ ለመምጫቸው መኪና አጥበው፣ ኬክ ሸጠው ነው ገንዘቡን ያገኙት። ጧት ይቀባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ዶፉ ይመጣና የጧቱን ሰማያዊ ቀለም ወደ ቦዩ ይዞት ይወርዳል። ዘበኛው አባባ ካቦርታቸውን ተከናንበው፣ ከጣሪያ ክዳን ሥር ቆመው ሲያዩ ቆዩና “ልጆቼ፣ ለመስከረም ብታደርጉት” አሉ። አስተርጓሚያችን “እንኳን ደህና መጣችሁ ይሏችኋል” አላቸው። ልጆቹም እየተሯሯጡ አቀፏቸው። በመስከረም የሰፈሩ ቀለም ቀቢ በወላጆች መዋጮ ተጠርቶ ግድግዳውን እንደገና ቀባው። እንግዶቹ በፎቶ ያዩት የመጀመሪያውን ነው።

መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጋር የሚዛመድ ቅሬታ እ.ኤ.አ. በ1972 በደብዳቤ ጽፋ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አቅርባ ነበር፤ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ። ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ውስጡ ግን ይቆነጥጣል። ለልማት ሲሆን ትሰጣላችሁ፣ ለስብከቱ ሲሆን ትቆጥባላችሁ፤ ሰው ግን ሥጋና ነፍሱ የማይነጣጠል አንድ ፍጡር ነው፣ እናንተ ስለከፈላችሁት እኛ ከፍለን ልናገለግለው አንችልም የሚል ነው መንፈሱ። አውሮፓ ውስጥ ብዙ አነጋግሯል። እኛ ደግሞ አሁን ላኪ ስንሆን ነገሩን ገለበጥነው። ለወንጌላዊው ነፍስ ሌሊቱን ሙሉ እንጸልያለን፤ እግሩን ግን ፕሮፎርማ አምጣ እንለዋለን።

አሜሪካ ያለው ወገን ከእኛ ይሻላል ያለ ካለ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ይሂድና ይየው። የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰበሰቡት ከፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን በተከራዩት አዳራሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቶቹ አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ። ባለቤቶቹ አርጅተዋል፣ ቁጥራቸውም ተመናምኗል፤ መብራትና ማሞቂያውን የሚከፍልላቸው የእኛ ኪራይ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ቤት ኮሪደሩ ላይ ድሮ የላኳቸው ሚሲዮናውያን ፎቶ ተደርድሯል። አንዲት እናታችን በመነጽራቸው ተጠግተው ሲያዩ ቆዩና “ኧረ ይኼ ሶዶ ነው!” ብለው ጮኹ። እውነትም ከፈረንጁ ጀርባ የሚታየው ጎጆ የወላይታ ጎጆ ነው። የሰበኩት ሕዝብ ልጆች ከስልሳ ምናምን ዓመት በኋላ መጥተው ቤታቸውን በሰዓት ተከራይተውታል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሁለቱ ጉባኤ አንድ ቀን አብሮ ሊበላ ይገባው ነበር። የሁለቱ ግንኙነት ግን በወጥ ቤቱ በር ላይ በተለጠፈች ወረቀት ያበቃል፤ በርበሬ ስታቁላሉ መስኮት ክፈቱ ትላለች። የእኛ አዳራሽ ውስጥ “እስከ ምድር ዳር” የሚል ትልቅ ባነር አለ። ምድር ዳር ድረስ ከሄድን በኋላ ዳሩ ላይ የሚኖረውን ሰው ሰላም የምንለው መኪናው መንገድ ሲዘጋብን ነው። ልጆቻችን ደግሞ ከሥር ምድር ቤት በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ከላይ የሚሰበከው አማርኛ አይገባቸውም። ያልተደረሰ ሕዝብ የት አለ እያለ ካርታ የሚያይ ኮሚቴ ደረጃውን ወርዶ ቢያይ ጥሩ ነበር።

ባሕር ተሻግሮ የሌላውን ደጅ ያንኳኳ ሐበሻ ግን አልጠፋም፤ ከኦርቶዶክሱ ወገን አንድ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1966 ጃማይካን ሲጎበኙ፣ አምላካችን መጣ ያለ ሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት ከአውሮፕላኑ ለመውረድ ተቸግረው ነበር። በ1970 አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ኪንግስተን ላይ ቤተ ክርስቲያን እንዲያቋቁሙ ተላኩ። የእኚህን ሰው ሥራ አስቡት። ሚሲዮናዊ ሌላ ቦታ ሲሄድ ችግሩ ማንም የማያውቀው መሆኑ ነው። እሳቸው የሄዱበት ሕዝብ ግን ላኪያቸውን ከሳቸው አስበልጦ ያውቃል፣ ያመልከዋልም። በኃይለ ሥላሴ ስም አጥምቁን ብለው የመጡ ራስተፈሪያን ነበሩ። አባ ማንደፍሮ ግን በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ካልሆነ አላጠምቅም አሉ። የአውሮፕላን ቲኬታቸውን የቆረጠው ንጉሥ አምላክ አለመሆኑን ለአምላኪዎቹ እየነገሩ፣ የማያስደስት መልእክታቸውን ይዘው፣ ሥራቸውን ቀጠሉ። አኩርፎ የሄደ አለ፤ የተጠመቀም ብዙ ነው። ቦብ ማርሊ በ1980 ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ክርስትና ሲነሳ አጥማቂው እኚሁ አባት ነበሩ፤ ያኔ አቡነ ይስሐቅ ተብለው ነበር። በዓመቱ ሲሞትም የተቀበረው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። የእኛ ኮሚቴ በሳቸው ቦታ ቢሆን ኖሮ፣ የጉባኤውን ስሜት ላለመጉዳት፣ ስለ ስሙ ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ያቋቁም ነበር።

ከኮሚቴያችን ሦስት ሰዎች ዘንድሮ ቤይሩት ሄደው ነበር። የጉዞው ዓላማ በቃለ ጉባኤው እንደሰፈረው “በመካከለኛው ምሥራቅ ያለውን የተልእኮ ዕድል ማጥናት” ነው። የሄዱት በእሁድ ነው፤ እዚያ በቤት ሠራተኝነት ያሉት ልጆቻችን ዕረፍት ያላቸው በእሁድ ስለሆነ፣ ያውም ዕረፍት ለሚሰጣቸው። ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት የገቡ ናቸው፤ የአብዛኞቹ ፓስፖርት አሠሪያቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ልዑካኑ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ሲዘምሩ አገኟቸው። ኪቦርድ የለም፤ ጀሪካን ነው የሚመታው።

ከልዑካኑ አንዱ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ድምፁ ተለወጠ፤ እኔም መጻፌን አቆምኩ። ልጆቹ ተራ ገብተው እስር ቤት ይጠይቃሉ። ከአሠሪ ቤት አምልጣ የመጣችውን ደብቀው ያሳድራሉ፤ ሐበሻ ትሁን የስሪላንካ ልጅ አይጠይቁም። አንዷ ለዓመታት የማዳሟን ሽባ እናት እያጠበችና እያጎረሰች ኖራለች። አሮጊቷ ሌሊት መተኛት ሲያቅታቸው የሚጠሩት ልጃቸውን ሳይሆን እሷን ነው፤ እሷም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ወጥ ቤት በለቀመችው አረብኛ ትጸልይላቸዋለች። የሸኛት ጉባኤ የለም፣ ባንዲራ ይዞ ያለቀሰላት የለም። ኤጀንሲ ነው የላካት፤ ለዚያውም አስከፍሏት።

ልዑካኑ ሊመለሱ ሲሉ ልጆቹ አንድ ነገር ጠየቋቸው። የሚሽን ሳምንቱን በዩቲዩብ ሲከታተሉ ነበርና፣ የእኒያን ኮት ለብሰው የመጡ ወንጌላዊ ስልክ ስጡን አሉ። ልዑካኑ ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማነው ከወንጌላዊው ነው፤ ገንዘቡ በቴሌብር ደረሳቸው፣ በቅሎዋም በቅዳሜው ገበያ ተገዛች። ግራጫ ናት፣ ጆሮዋ ላይ ትንሽ ነጭ አለባት። ዋጋዋ ሃምሳ ሺህ አይሞላም ኖሯል፤ ፕሮፎርማ አያስፈልገንም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሦስት ነገር ወሰነ። የቤይሩቶቹ እኅቶች ስለ ባህል ተሻጋሪ አገልግሎት የሦስት ቀን ሥልጠና እንዲሰጣቸው፤ ዕረፍታቸው እሁድ ብቻ መሆኑ ስለተነሳም አሰልጣኞቹ ሦስት እሁድ እንዲቆዩና አበል እንዲታሰብላቸው። ወንጌላዊው በቅሎዋን ያገኙበትን ሁኔታ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ። ለመጪው ዓመት ባነር ደግሞ የበቅሎዋ ፎቶ እንዲሆን፤ ሎጎው ኮርቻው ላይ በኮምፒውተር ይገባል።